ስታዲየም አካባቢ የገዛሁት የእጅ ጂፒኤስ እና «አዲንዳን» የሚለው ምርጫ

ባለፈው ወር ስታዲየም አካባቢ የቅየሳ መሣሪያ ከሚሸጥ አንድ አነስተኛ ሱቅ በሁለት ባትሪ ድንጋይ የሚሠራ የእጅ ጂፒኤስ ገዛሁ። ሦስት ሳምንት ከተጠቀምኩበት በኋላ ስለ ዕቃውም ስለ ሱቁም የምለው በአመዛኙ ምስጋና ነው። ይህን ዓይነት መሣሪያ ገዝተው «ይዋሻል» በማለት መሳቢያ ውስጥ የጣሉ ሰዎችን ስለማውቅ ግን ምክንያቴን በዝርዝር ማስረዳት እወዳለሁ።

ሻጩ ወጣት ገንዘቡን ከመቀበሉ በፊት «ጋሼ፣ ከወረቀት ካርታ ጋር ነው የሚሠሩበት?» ብሎ ጠየቀኝ። አዎ ስለው ማስተካከያውን ከፍቶ ዳተም የሚባለውን፣ ማለትም የቦታ ንባብ የሚነሣበትን መለኪያ፣ ሳተላይቶቹ ከሚጠቀሙበት «ደብሊው ጂ ኤስ 84» የወረቀት ካርታዬ ወደተሠራበት «አዲንዳን» እንዴት እንደምቀይር አሳየኝ። በማግስቱ አራት ኪሎ የድል ሐውልቱ አጠገብ ቆሜ ንባቡን በሁለቱም ምርጫ ጻፍኩና 1፡50,000 ካርታዬ ላይ አሰፈርኩት። በሁለቱ ነጥቦች መካከል በማስመሪያ ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ አገኘሁ፤ መሬት ላይ ከ200 ሜትር በላይ መሆኑ ነው። በአዲንዳን ያነበብኩት ሐውልቱ ላይ ሲያርፍ ሌላው ወደ ስድስት ኪሎ አቅጣጫ ሸሽቷል።

መሣሪያው አልዋሸም። ምድር ዋልታዎቿ ላይ ጠፍጠፍ ያለች በመሆኗ ማንኛውም ካርታ አስቀድሞ የተወሰነ የምድር ቅርጽ ይዞ ይነሣል፤ ይህ ቅርጽ ደግሞ በእግርና በበቅሎ የተለካ ነው። ኒውተን ምድር ወገቧ ላይ ሰፋ ትላለች ሲል የፈረንሳይ የሥነ ፈለክ ሊቃውንት የሆኑት ካሲኒዎች ተቃራኒውን በመያዛቸው፣ የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1735 ጎዳንን፣ ቡጌንና ላ ኮንዳሚንን ያኔ ፔሩ ወደሚባለው፣ ዛሬ ኢኳዶር ወደሆነው አገር፣ በ1736 ደግሞ ሞፐርትዊን ወደ ላፕላንድ ላከ። የላፕላንዱ ቡድን በዓመት ገደማ ሲመለስ የፔሩዎቹ ከኪቶ እስከ ኩዌንካ ከተራራ ተራራ ሦስት ማዕዘን እያያያዙ ዓመታት ቆዩ፤ ሐኪማቸውም ኩዌንካ ላይ ተገደለ። ኒውተን ትክክል ሆኖ ተገኘ፤ አንድ የኬክሮስ ዲግሪ ምድር ወገብ ላይ 110.6፣ ዋልታ አጠገብ 111.7 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አንዱን ዲግሪ ከሌላው እኩል አድርጎ የሚቆጥር መርከበኛ በየዲግሪው እስከ አንድ ኪሎ ሜትር ይሳሳታል ማለት ነው።

እንግሊዛዊው ክላርክ በ1880 የምድርን ቅርጽ ሲያሰላ የፔሩን ልኬት ከሩሲያ፣ ከህንድና ከሌሎች ጋር አጣምሮ ተጠቅሟል። አዲንዳን ያንኑ ቅርጽ ተከትሎ፣ በግብፅና በሱዳን ድንበር አካባቢ ካለ ጣቢያ የሚነሣ መለኪያ ነው፤ ሳተላይቶቹ የሚጠቀሙት ግን የ1984ቱን፣ ደብሊው ጂ ኤስ 84ን ነው፤ ሁለቱ ንባቦቼ የተለያዩትም በዚህ ነው። በእኛም አገር ፈረንሳዊው ተጓዥ አንቷን ዳባዲ እ.ኤ.አ. ከ1838 እስከ 1848 ባለው ጊዜ ከተራራ ወደ ተራራ አቅጣጫ እያነበበ የሰሜኑንና የደቡቡን ደጋ መለካቱን ባሰብኩ ቁጥር በእጄ የያዝኩት ትንሽ ዕቃ ይከብደኛል።

ወደ ዕቃው ልመለስ። ገላጣ ሥፍራ ላይ ንባቡ ከ3 እስከ 5 ሜትር ባለ ስሕተት ይረጋል፤ ባትሪውም የሙሉ ቀን ሥራ ይዘልቃል። ብሔራዊ ትያትር አካባቢ ባሉት ረጃጅም ሕንፃዎች መካከል ግን የሳተላይቶቹ ሞገድ ግድግዳ እየነካ ስለሚመለስ ነጥቡ ይንከራተታል፤ ጽሑፉም ለኔ ዕድሜ ደቃቅ ነው። ለይዞታ ድንበር ፈጽሞ አይሆንም፤ ለዚያ ቶታል ስቴሽን (ማዕዘንና ርቀት በትክክል የሚለካ የቅየሳ መሣሪያ) የያዘ ቀያሽ ይጠሩ። ለመስክ ጉዞና የውኃ ጉድጓድ ለመመዝገብ ግን ደስ ብሎኝ እመክረዋለሁ።

ሌላ ሱቅ የገዛ ባልደረባዬ ስለ ዳተም ማንም ሳይነግረው ቀርቶ ያስመዘገባቸውን ምንጮች በሙሉ ዳግመኛ ዞሮ ማንበብ ነበረበት። ስለዚህ ከየትም ብትገዙ፣ ከሱቁ ሳትወጡ «አዲንዳን የት ነው ያለው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ሻጩ ማሳየት ካልቻለ የስታዲየሙ ልጅ ያሳያችኋል።