ሐረጎን በሳይክል ላወጣኝ የኮምቦልቻ ሳይክል ሰሪ

ባለፈው እሁድ ጎህ ሲቀድ ከኮምቦልቻ ተነስቼ፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ ዳገት በሳይክል ወጥቼ ደሴ ፒያሳ ገባሁ። ስንት ጊዜ የተመኘሁት ጉዞ ነው! ለዚህ ያበቃኝን ሳይክል ሰሪ ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ይሆንብኛል።

ሳይክሉን አስቀድሜ ሌላ ቦታ አሠርቼ "ምንም አይልም፣ ሂድበት" ተብዬ ነበር። እሱ ጋ ጎራ ያልኩት ጎማ ላስነፋ ብቻ ነው። ነፍቶ ሲጨርስ የኋላውን ፍሬን ጨበጠ፣ ለቀቀ፣ ደግሞ ጨበጠ። ሽቦውን ከመያዣው መዞ በጥፍሩ ሲፈትገው ተበጣጥሶ ሁለት ዘለላ ብቻ ቀርቶታል። "ወንድሜ፣ በዚህ ዳገቱን ትወጣዋለህ። ቁልቁለቱን ግን አትወርደውም" አለኝ። የሦስት ልጆች አባት ነኝ፤ ያቺን ቃል መቼም አልረሳትም።

ሽቦውንም የፍሬን ጎማዎቹንም ቀየረ። የኋላው ትልቁ ማርሽ ባለ 28 ጥርስ ነበር፤ ባለ 34 አስገባልኝ፣ ካቴናው ሲያጥር ቀለበት ቀጠለበት። የስድስቱ ጥርስ ትርጉም የገባኝ ሐረጎ ጥምዝምዙ ላይ ነው፤ ከጎኔ ሲኖትራክ እያቃሰተ ሲወጣ እኔም ቀስ እያልኩ፣ ሳልወርድ ወጣሁት። ሃዋይ ውስጥ፣ ማዊ በምትባል ደሴት ላይ ሃሌአካላ የሚባል እሳተ ገሞራ አለ፤ ሳይክለኞች ከባህር ጠረፍ ተነስተው 3,055 ሜትር ድረስ ይወጡታል። የኛው 600 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ግን ኮምቦልቻ ራሷ ከ1,800 ሜትር በላይ ናትና ትንፋሹ ገና ከመነሻው ያጥራል።

ለመልሱም መክሮኛል፦ ፍሬን ይዘህ አትቆይ፣ ቸርኬው ግሎ ካላማዳሪውን ያፈነዳዋል፤ ጠበቅ አድርገህ ያዝና ልቀቅ፣ መሃል ላይ ቆመህ አሳርፈው። እንዳለኝ አደረግኩ። ቆሜ ቸርኬውን ብነካው እንደ ጀበና ይፋጃል!

ሂሳብ ስለው የዕቃውን ብቻ ተቀበለኝ። የእጅህስ ብለው "አብሽር፣ በሰላም ግባ" ብሎ ሸኘኝ። አላህ እጁን ይባርክለት፣ ዕድሜ ከጤና ይስጠው።

ስሙንና ስልኩን እንዳልጽፍ ለምኖኛል። ከመናኸሪያው ፈንጠር ብሎ፣ ደጃፉ ላይ አሮጌ ቸርኬ የተሰቀለባት ጠባብ ቆርቆሮ ቤት ናት። ሐረጎን ለመሞከር ያሰባችሁ፣ የልጆቻችሁም ሳይክል ቢሆን፣ እሱ ጋ ውሰዱት። ጠዋት ሂዱ፤ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ነው የሚከፍተው።