ደብሊው ፒ ኤፍ፦ ያረጀ ቢባልም የምተማመንበት

ጅማ ውስጥ ለቡና ነጋዴዎች የመጋዘን መዝገብ ሶፍትዌር እሠራለሁ፤ የምሠራውም በደብሊው ፒ ኤፍ፣ ማለትም የዊንዶውስ ፕሮግራም ገጾች በሚሠሩበት የማይክሮሶፍት መሣሪያ ነው። ሁሉም የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «ከአምስት ዓመት በኋላስ ይሠራል?»

ልክ ናቸው። ማይክሮሶፍት ለድር ፕሮግራም መሥሪያው ለሲልቨርላይት የሚሰጠውን ድጋፍ በ2021 እ.ኤ.አ. አቆመ፤ በ2024 ደግሞ የሞባይል መተግበሪያ መሥሪያው ዛማሪን ተከተለ። ስለዚህ አዲሱን የማይክሮሶፍት ገጽ መሥሪያ ዊንዩአይን ትቼ በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣውን ደብሊው ፒ ኤፍ ያዝኩ። ስንት የቢሮ ሶፍትዌር የቆመበት ስለሆነ በቀላሉ የሚጣል አይመስለኝም። ኮዱም ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሁሉም ክፍት ነው። ፕሮግራሙን ከሚያስኬደው የማይክሮሶፍት መሠረት፣ ከዶት ኔት ፍሬምወርክ 4.8 ጋር ዊንዶውስ 7 ላይ እንኳ ይነሳል፤ መርካቶ አካባቢ ባሉ መጋዘኖች ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

የሚያናድደኝ የቀን መምረጫው ነው። የፈረንጆቹን ካላንደር ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ጳጉሜ የሚባል ነገር የለም። ነጋዴው ጭነቱን የሚመዘግበው ደግሞ «ጥር 12» ብሎ ነው። ሳጥኑን ከባዶ ተነስቼ ራሴ ጻፍኩት። ዶት ኔት ራሱ የእኛን ዘመን አቆጣጠር አላካተተም፤ በጣም ያሳዝናል።

ደብሊው ፒ ኤፍ ከዊንዶውስ ሌላ በሆነው ሊኑክስ በሚባለው የኮምፒውተር ስርዓት ላይ አይሄድም። ሊኑክስ የሚፈልግ አቫሎኒያ የሚባለውን ተመሳሳይ የገጽ መሥሪያ ይሞክር፤ አጻጻፉ ይቀራረባል። እኔም የሂሳቡን ኮድ ተጠቃሚው ከሚያየው ገጽ ለይቼ ነው የማስቀምጠው። ነገ ማይክሮሶፍት ፊቱን ቢያዞር የምቀይረው ገጹን ብቻ ነው።