የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የወሰነ ትምህርት ማብቂያ መጽሔት፦ የወላጅ ግምገማ

ልጄ የሚማርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በየወሰነ ትምህርቱ ማብቂያ ከሪፖርት ካርዱ ጋር አንድ መጽሔት ያወጣል። መጽሔቱ በወረቀት ታትሞ ለየቤተሰቡ ይደርሳል፤ በስልክ የሚነበበው ቅጂም በዚያው ዕለት ይለቀቃል። የፈተና ውጤት፣ የውድድር ሽልማት፣ የክበባት ሥራ፣ የስፖርትና የኪነ ጥበብ ዜና ሁሉ ተጠቃሎ የሚገኝበት በመሆኑ፣ ትምህርት ቤቱ ለቤተሰብ ከሚያቀርባቸው አገልግሎቶች ሁሉ ይበልጥ የሚነበበው ይህ ሳይሆን አይቀርም። የአሁኑን እትም ከዳር እስከ ዳር ካነበብሁ በኋላ የደረስሁበት አስተያየት፣ መጽሔቱ ተማሪዎች የሠሩትን ሥራ በሚተርክባቸው ገጾች እጅግ የሚያስመሰግን ሆኖ ሳለ፣ ቁጥርና ሽልማት በሚዘረዝርባቸው ገጾች ግን ወላጅ ሊያውቀው የሚገባውን ዋና ነገር ሳይናገር ያልፋል የሚል ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ የማነሣው በገጽ ዘጠኝ የወጣውን የፊዚክስ ክበብ ዘገባ ነው። የክበቡ ተማሪዎች የመሬት ስበት ለሚወድቅ አካል የሚሰጠውን ፍጥንጥነት በፔንዱለም ለመለካት ተነሥተው ነበር። ሙከራው በየቤተ ሙከራው የታወቀ ነው፤ አንዲት የብረት ኳስ በክር ተንጠልጥላ ወዲህና ወዲያ ስትመላለስ፣ አንዱ ሙሉ ምልልስ የሚወስደው ጊዜና የፔንዱለሙ ርዝመት ከታወቁ ፍጥንጥነቱ በስሌት ይገኛል። የመጀመሪያው ቡድን አንድ ምልልስ ብቻ በሩጫ ሰዓት እየለካ በየጊዜው የተለያየ ቁጥር ሲያገኝ፣ ሁለተኛው ቡድን 20 ምልልሶችን በተከታታይ ለክቶ ጠቅላላውን ጊዜ ለ20 አካፈለ። ሰዓቱን ለማስነሣትና ለማቆም ጣት የምትዘገይባት ቅጽበት በዚህ መንገድ ለ20 ስለተከፋፈለች ልኬቱ ረጋ። ሆኖም ስሌቱ 10.1 ሜትር በሰከንድ ካሬ ሆኖ ወጣ፤ ሊቀርቡት የሚገባው ቁጥር ደግሞ 9.8 ገደማ ነው። ዘገባውን የጻፈችው ተማሪ የልዩነቱን ምንጭ እንዴት እንዳገኙት ደረጃ በደረጃ ታስረዳለች። ርዝመቱን የለኩት ክሩ ከታሰረበት ነጥብ እስከ ኳሷ ግርጌ ድረስ ነበር፤ መለካት የነበረባቸው ግን እስከ ኳሷ መሐል ነው። ኳሷ አራት ሴንቲ ሜትር ስፋት ስላላት፣ 62 ሴንቲ ሜትር ተብሎ የተመዘገበው ርዝመት ወደ 60 ሲስተካከል ውጤቱ 9.8 ላይ አረፈ።

ይህ አንድ ገጽ ስለ ትምህርት ቤቱ የፊዚክስ ትምህርት ደረጃ የሚነግረኝን ያህል የትኛውም የሽልማት ፎቶግራፍ አይነግረኝም። ተማሪዎቹ ያገኙት ቁጥር ከመጽሐፉ ቁጥር ጋር ሳይገጥም ሲቀር ቁጥሩን ደብቀው ትክክለኛውን አልገለበጡም፤ የሚመራቸው መምህርም ስህተቱን ፈልገው እስኪያገኙ ድረስ ጊዜ እንደሰጧቸው ከዘገባው አካሄድ በግልጽ ይታያል። በግርጌው የታተመው የእርሳስ ንድፍ፣ የተሳሳተው ልኬት በተቆራረጠ መስመር፣ የታረመው ደግሞ በደማቁ የተሠመረበት በመሆኑ፣ ፊዚክስ ያልተማረ አንባቢ እንኳ ነገሩን ያለ ችግር ይረዳዋል። አዘጋጆቹ የተማሪዋን አጻጻፍ በአዋቂ ቋንቋ ሳይለውጡ እንዳለ ማተማቸውም ትልቅ ምስጋና የሚገባው ውሳኔ ነው።

ከዚህ ገጽ አጠገብ የተቀመጠው የደረጃ ተሸላሚዎች ገጽ ግን የተሠራው በሌላ መንፈስ ነው። ከየክፍሉ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት ተማሪዎች ፎቶግራፍ ተደርድሮ፣ በየሥሩ «ብሩህ አእምሮ»፣ «ልዩ ተሰጥኦ»፣ «የተፈጥሮ ስጦታ» የሚሉ መግለጫዎች ሰፍረዋል። ተማሪዎቹ መመስገናቸው ተገቢ ነው፤ በደስታቸውም እደሰታለሁ። ምስጋናው የተሰጠበት መንገድ ግን ያሳስበኛል። ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት፣ አንድን ሥራ በሚገባ ከሠሩ በኋላ ስለ ብልህነታቸው የተመሰገኑ ልጆች፣ ቀጥሎ ከባድ ሥራ ሲገጥማቸው ስለ ጥረታቸው ከተመሰገኑት ይልቅ ቶሎ መታከታቸውና ከዚያም በኋላ ውጤታቸው ዝቅ ማለቱ ታይቷል። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጣ ተማሪ በሚቀጥለው ወሰነ ትምህርት ደረጃው ዝቅ ቢል፣ ይህን ገጽ መልሶ ሲያየው ስለ ራሱ ምን ሊያስብ እንደሚችል አዘጋጆቹ ቢያጤኑት እወድዳለሁ። ከየተማሪው ፎቶግራፍ ሥር እንዴት እንዳጠና፣ የትኛው ትምህርት እንደከበደውና እንዴት እንደተወጣው በሁለት ዓረፍተ ነገር ቢጻፍ፣ ተሸላሚውም ይከበራል፣ ሌላውም ተማሪ የሚወስደው ነገር ያገኛል።

የፈተና ውጤት የቀረበበት ገጽ አራት ከመጽሔቱ ሁሉ ደካማው ነው። በትልልቅ ፊደላት የማለፊያ መጠኑ ከ84 በመቶ ወደ 92 በመቶ ማደጉ ተበሥሯል፤ ስንት ተማሪ እንደተፈተነ ግን በገጹ ላይ የትም አልተገለጸም። የልጄን ስም ጠሪ መምህር ጠይቄ እንደተረዳሁት፣ ቁጥሩ የአንድ ክፍል ውጤት ሲሆን በሁለቱም ጊዜ የተፈተኑት 25 ተማሪዎች ናቸው። እንግዲህ 84 በመቶ ማለት 21 ተማሪ፣ 92 በመቶ ማለት ደግሞ 23 ተማሪ ነው፤ የስምንት በመቶ ነጥብ ዕድገት የተባለው ሁሉ የሁለት ተማሪዎች ልዩነት ነው። ሁለት ተማሪዎች ማለፋቸው ለእነርሱም ለቤተሰባቸውም ታላቅ ነገር መሆኑን አልክድም። ነገር ግን በዚህ መጠን ባለ ክፍል ውስጥ አንድ ተማሪ ብቻ ቢታመም ወይም ከሌላ ትምህርት ቤት ተዛውሮ ቢመጣ ቁጥሩ እስከ አራት በመቶ ነጥብ ድረስ ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ስለሚችል፣ ከእንዲህ ያለ ለውጥ ተነሥቶ የማስተማር ዘዴው መሻሻሉን ማወጅ፣ መጽሔቱ በገጹ ግርጌ እንዳደረገው፣ ማስረጃው የማይሸከመው ድምዳሜ ነው።

በዚያው ገጽ ላይ የየትምህርቱ አማካይ ውጤትም በሰንጠረዥ ቀርቧል። አማካይ ብቻውን ብዙ ነገር ይሰውራል፤ ሁሉም ተማሪ 70 አካባቢ ያገኘበት ክፍልና ግማሹ 90፣ ግማሹ 50 ያገኘበት ክፍል አማካያቸው አንድ ዓይነት ቢሆንም፣ ሁለቱ ክፍሎች የሚያስፈልጋቸው እርዳታ ፈጽሞ የተለያየ ነው። ከአማካዩ ጎን ከ50 በታች፣ ከ50 እስከ 69፣ ከ70 እስከ 89 እና 90ና ከዚያ በላይ ያገኙት ብዛት ቢጨመር፣ ሰንጠረዡ አራት አምድ ብቻ ይሰፋል፣ ወላጅ ግን ትክክለኛውን መልክ ያያል። አዘጋጆቹ ይህ መረጃ በእጃቸው አለ፤ ሪፖርት ካርዶቹ የተዘጋጁት ከዚሁ መዝገብ ነውና።

ስለ ውጤት ከተነሣ አይቀር፣ መጽሔቱ ከሪፖርት ካርዱ ጋር በአንድ ፖስታ መላኩም ሊታሰብበት ይገባል። ሩት በትለር እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት ጥናት፣ በሥራቸው ላይ የጽሑፍ አስተያየት ብቻ የተሰጣቸው ተማሪዎች በቀጣዩ ሥራ ሲሻሻሉ፣ ነጥብና አስተያየት አንድ ላይ የተሰጣቸው ግን ያን ያህል አለመሻሻላቸው ታይቷል፤ ነጥቡ ዓይንን ስለሚስብ አስተያየቱ ሳይጤን የሚቀር ይመስላል። በቤታችንም የሚሆነው ከዚህ ብዙ አይርቅም። ፖስታው ሲከፈት መጀመሪያ የሚነሣው ካርዱ ነው፤ መምህራኑ በጥንቃቄ የጻፏቸው አስተያየቶችና መጽሔቱ ለማግስቱ ይቆያሉ። መጽሔቱ ከካርዱ በፊት ጥቂት ቀን ቢቀድም የሚገባውን ንባብ ያገኝ ነበር።

የውድድሮች ገጽ ብዙ ዜና ይዟል፤ አቀራረቡ ግን ትልቁንና ትንሹን አይለይም። በአንድ አርእስት ሥር ስለ መሳተፍ ብቻ የሚሰጥ የምስክር ወረቀትና እጅግ ከባድ ጥያቄ በመፍታት የሚገኝ ዕውቅና ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ስለ ሒሳብ ውድድር ለማያውቅ አንባቢ ልዩነቱን ለማስረዳት ሁለት መስመር ይበቃ ነበር። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1959 በሩማኒያ በተጀመረው ዓለም አቀፍ የሒሳብ ኦሊምፒያድ ተወዳዳሪዎች በሁለት ቀን፣ በየቀኑ ለአራት ሰዓት ተኩል ተቀምጠው፣ በጠቅላላው ስድስት ጥያቄዎችን ይሠራሉ። እያንዳንዱ ጥያቄ ሰባት ነጥብ ስላለው ድምሩ 42 ነው። ሜዳሊያ የሚያገኙት ከተወዳዳሪዎቹ ግማሽ ያህሉ ሲሆኑ፣ ወርቅ፣ ብርና ነሐሱ የሚከፋፈሉት በ1፣ በ2 እና በ3 ጥምርታ ገደማ ነው። ሜዳሊያ ያላገኘ፣ ነገር ግን ቢያንስ አንዱን ጥያቄ ሙሉ በሙሉ የፈታ ተወዳዳሪ ደግሞ የክብር ዕውቅና ይሰጠዋል። ይህን የሚያውቅ አንባቢ፣ ከእነዚያ ጥያቄዎች አንዷን ብቻ እንኳ እስከ መጨረሻው ፈትቶ መጻፍ ምን ያህል ሥራ እንደሆነ ይገነዘባል። በዚህ እትም አንድ ተማሪ በተመሳሳይ መንገድ በሚዳኝ ውድድር የክብር ዕውቅና ማግኘቱ ከገጹ ግርጌ በአነስተኛ ፊደል ተጠቅሷል፤ ስለ መሳተፍ የተሰጠ ወረቀት የያዙ ተማሪዎች ፎቶግራፍ ግን የገጹን ግማሽ ይዟል። የተማሪው ጥያቄና አፈታቱ ቢታተም ኖሮ ገጽ ዘጠኝን የሚስተካከል ገጽ እናገኝ ነበር።

የስፖርቱ ገጽ አጭርና የተሳካ ነው። የእያንዳንዱ ሯጭ የአሁኑ ሰዓት ከራሱ ካለፈው ሰዓት ጎን ስለተጻፈ፣ ስድስተኛ የወጣች ልጅ ከሁሉ የበለጠ የተሻሻለች መሆኗ በአንድ እይታ ይታያል። የትያትርና የሥዕል ገጾች ፎቶግራፎች ያማሩ ናቸው።

በጣም ያስደሰተኝ ሌላው ነገር፣ በመጨረሻዎቹ ገጾች ከትምህርት ሰዓት በኋላ ታናናሾቻቸውን ሒሳብ የሚያስጠኑ ተማሪዎች ሥራ መዘገቡ ነው። አስጠኚዎቹ ብቻ ሳይሆኑ የተጠኑትም ተናግረዋል፤ አንዱ ልጅ ክፍልፋይ ለመደመር የታችኛውን ቁጥር ለምን አንድ ማድረግ እንደሚያስፈልግ የገባው ወረቀት ቆርጠው ሲያሳዩት መሆኑን በራሱ አነጋገር ገልጿል። እንዲህ ያለው ሥራ ዋንጫ ስለሌለው በየትምህርት ቤቱ መጽሔት ሳይጻፍ ይቀራል። እዚህ ግን ሙሉ ሁለት ገጽ ተሰጥቶታል፤ ይህንን የወሰነ ሰው ማን እንደሆነ ባውቅ በአካል ሄጄ አመሰግነው ነበር።

አንድ ጉዳይ ግን በብርቱ ሊታረም ይገባዋል። ለረጅም ጊዜ ታማ ከቆየች በኋላ ተመልሳ ፈተናዋን ስላለፈች ተማሪ የተጻፈው ታሪክ ልብ የሚነካ ነው፤ የተጻፈውም በፍቅር ነው። ይሁን እንጂ ሙሉ ስሟ፣ ፎቶግራፏና የሕመሟ ዓይነት በአንድ ላይ መታተሙ አስደንግጦኛል። የስልኩ ቅጂ ማስፈንጠሪያውን ላገኘ ሰው ሁሉ ክፍት ነው፤ የዛሬ አሥር ዓመት ሥራ ስትፈልግ ስሟን የሚፈልግ ሰው ይህን ሊያነብ ይችላል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1989 ያጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 16 የልጆችን የግል ሕይወት ይጠብቃል። የወላጅ ፈቃድ ተጠይቆ ሊሆን ይችላል፤ ቢጠየቅም እንኳ የልጅቱ የራሷ ፈቃድ አብሮ መጠየቅ፣ የሕመሙ ዓይነትም መቅረት ነበረበት። የሕመሙ ስም ባይጠቀስ ታሪኩ ከጥንካሬው አንዳች አያጣም።

ስለ ኅትመቱ ጥቂት ልበል። የወረቀቱ ቅጂ በደንብ የተጠረዘ ነው፣ ፊደሉም ለአያቶች ዓይን የሚመች ነው። የስልኩ ቅጂ ግን የወረቀቱ ገጽ እንዳለ የተቀዳ በመሆኑ፣ ሦስቱን አምዶች ለማንበብ ገጹን እያሰፉ ወደ ጎንና ወደ ታች መግፋት ግድ ይላል። ወረቀቱ ያልደረሳቸው ቤተሰቦች በስልክ ብቻ ስለሚያነቡ ይህ ቀላል እንከን አይደለም። የርዕሰ መምህሩ መልእክት ሁለት ሙሉ ገጽ ይዟል፤ ለመምህራን ያቀረቡት ምስጋና ከልብ የመነጨ መሆኑ ቢታወቅም፣ በግማሹ ቢያጥር ለተማሪዎች ጽሑፍ ቦታ ይተርፍ ነበር።

መጽሔቱ ለሚደርሳችሁ ወላጆች የምመክረው ከገጽ ዘጠኝ እንድትጀምሩ፣ ገጽ አራትን ስታነቡ ደግሞ የተፈተኑትን ተማሪዎች ብዛት ስም ጠሪ መምህሩን እንድትጠይቁ ነው፤ እኔ ስጠይቅ በዚያው ቀን በትሕትና መልስ አግኝቻለሁ። ከላይ የዘረዘርኋቸውን ነጥቦች ለአዘጋጆቹም በጽሑፍ ልኬላቸዋለሁ። ከሚቀጥለው እትም ጀምሮ ከእያንዳንዱ በመቶኛ አጠገብ የተፈታኞችን ቁጥር እንደሚያስገቡ አስታውቀውኛል፤ ስለ ተማሪዋ የጤና መረጃ ግን ገና ምላሽ አልሰጡኝም፣ በስልኩ ቅጂ ላይም ጽሑፉ እስከ አሁን አልተነሣም።