«ገጹ ጊዜው አልፎበታል» ሲባል፦ ሪፍሬሽ ወይስ ፎርሙን እንደ አዲስ መክፈት?

ፎርም ልከው ወደ ኋላ ሲመለሱ ፋየርፎክስ ሰነዱ ጊዜው አልፎበታል ይላል፤ ክሮም ደግሞ ፎርሙ ዳግም ይላክ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ነገሩ አንድ ነው፦ ገጹ የመጣው በፖስት ጥያቄ (POST፣ የሞሉትን መረጃ ወደ ሰርቨር የሚልክ) ስለሆነ፣ መልሶ ለማሳየት የሞሉት መረጃ እንደገና ወደ ሰርቨሩ መሄድ አለበት።

ሪፍሬሽ አድርጎ «ቀጥል» ማለት ፈጣን ነው፤ ዳግም መጻፍም የለም። ለፍለጋ ከሆነ ምንም ጉዳት የለውም። ክፍያ ወይም ትዕዛዝ ከሆነ ግን እጅዎን ይሰብስቡ፤ ሰርቨሩ ድግግሞሽ የማይለይ ከሆነ ሁለቴ ሊመዘገብ ይችላል። እኔ አንዴ በችኮላ ነክቼው አንድ ማመልከቻ ሁለት ማረጋገጫ ኢሜይል አስከትሎብኛል። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ የማየው ኢሜይሌን ነው።

ሊንኩን በአዲስ ታብ ከፍቶ መሙላት አሰልቺ ነው። ሆኖም ስህተቱ 419 ከሆነ፣ ማለትም ላራቬል በተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ የተሠሩ ሳይቶች የሚያሳዩት ከሆነ፣ ያለው መንገድ ይኸው ነው። ፎርሙ ውስጥ የተደበቀ የደኅንነት ቶክን (መለያ ኮድ) አለ፤ ሴሽኑ፣ ማለትም ሳይቱ እርስዎን የሚያስታውስበት ጊዜ፣ ሲያበቃ (የሳይቱ ቅንብር ካልተቀየረ ከ120 ደቂቃ ቦዘና በኋላ) አብሮ ይሞታል። ሪፍሬሽ ያንኑ የሞተ ቶክን ነው መልሶ የሚልከው። ስለዚህ ወደ ኋላ ይመለሱ፣ ረጅሙ ጽሑፍ ካለ ኮፒ አድርገው ኖትፓድ ላይ ያስቀምጡ፣ ከዚያ ፎርሙን እንደ አዲስ ይክፈቱ። አሁንም 419 ካለ ብሮውዘሩ ኩኪ ከልክሎ እንደሆነ ይፈትሹ።

ሳይቱ የራስዎ ከሆነ ደግሞ ከፖስት በኋላ በ303 (ብሮውዘሩን ወደ ሌላ አድራሻ የሚልክ የሰርቨር መልስ) ተጠቃሚውን ወደ ሌላ ገጽ ይምሩት፤ ሪፍሬሽ ቢያደርግም ፎርሙ ዳግም አይላክም።