ለጭርት ቅባት ወይስ ክኒን? መጀመሪያ ፈንገሱ የት እየበላ እንደሆነ እዩ

የአዳማ ሙቀት ሲበረታ እግር በጫማ ውስጥ ይርሳል፣ ማሳከኩም ይከተላል። ፋርማሲ ስትገቡ ጥያቄው ያው ነው፦ ቅባት ወይስ ክኒን?

ጭርትን የሚያመጣው ፈንገስ የሚበላው ኬራቲን ነው፤ ቆዳችን፣ ፀጉራችንና ጥፍራችን የተሠሩበትን ፕሮቲን። አፍ የለውም። ኢንዛይም ያፈስበትና ውጭ አሟሙቶ ይመጠዋል።

ቅባት፦ ርካሽ ነው፣ ለጉበትም አያሰጋም። ገላ ላይ ለወጣ ጭርት ክሎትሪማዞል የሚባለው ፀረ-ፈንገስ ቅባት ብዙ ጊዜ ይበቃል፣ ግን ማሳከኩ ቆመ ብሎ መተው የለም፤ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይቀባል። እኔ በ5ኛው ቀን ተውኩትና ክቡ ሰፍቶ ተመለሰ። ስቴሮይድ (የቆዳ መቆጣትን የሚያበርድ መድኃኒት) ያለበትን ቅባት በራሳችሁ አትቀቡ፤ ማሳከኩን ዝም ያሰኘዋል፣ ፈንገሱ ግን መብላቱን ይቀጥላል።

ክኒን፦ ሐኪም ይፈልጋል፣ ጊዜም ይወስዳል። የልጆች ቆረቆር ላይ ግን ሌላ አማራጭ የለም፤ ፈንገሱ ፀጉሩ ሥር ስለገባ ቅባት አይደርስበትም። ግሪሲዮፉልቪን የሚባለው ፀረ-ፈንገስ ክኒን ለሳምንታት ይወሰዳል፣ ወተት ወይም ቅቤ ካለበት ምግብ ጋር ሲሆን ሰውነት በደንብ ይቀበለዋል። ለነፍሰ ጡር አይሰጥም።

ክንድ ላይ አንድ ሁለት ክብ ከሆነ ቅባት ይዛችሁ ግቡ። ራስ ከሆነ ሐኪም ጋ። የእግር ጥፍር ከሆነ ደግሞ ትዕግሥት ያዙ፣ አዲሱ ጥፍር አድጎ እስኪተካ ዓመት ሊፈጅ ይችላል።