ጣና ላይ ዓሣ ሲበሉ፦ ቆሮሶ ይጠበስ፣ አምባዛ ወጥ ይሁን

ከባሕር ዳር ወደ ጣና ለሽርሽር የሚወጣ ሰው ቡናውን ዘጌ ልሳነ ምድር ላይ ይጠጣ፤ ዓሣውን ተመልሶ ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ይብላ። የሐይቁ ደሴቶች ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ናቸው፤ ሴት አይገባባቸውም፣ ምሳም አይፈለግባቸውም። ዘጌ በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ስለሚበረታ ጠዋት 2 ሰዓት ወጥቶ ለምሳ መመለስ ይሻላል።

የሐይቁ ዳር ምግብ ቤቶች ትልቁ ጉድለት ሜኑው ላይ «ዓሣ ጥብስ» ብለው ማለፋቸው ነው። የምን ዓሣ? ከማዘዝዎ በፊት ይጠይቁ፤ ሳይጠበስ አምጥተው እንዲያሳዩዎትም ይንገሯቸው። ስንጥቡ ሲገለጥ ደማቅ ቀይ፣ ዓይኑ ጥርት ያለ፣ ሥጋው በጣት ሲጫኑት ወዲያው የሚመለስ መሆን አለበት። ስንጥቡ ቡናማ ከሆነ ይተዉት።

ለሙሉ ጥብስ ከቆሮሶ (ቲላፒያ) የሚወዳደር የለም። ቅርፊቱ ተፍቆ፣ ሆዱ ጸድቶ፣ ሁለቱም ጎኑ በአንድ ጣት ልዩነት እስከ አጥንቱ ይተለተላል፤ ከዚያ ጨው ተነስንሶበት ውኃው በደንብ ይጠፈፍና በጣም የጋለ ዘይት ውስጥ ይገባል። በደንብ የተጠበሰው የተተለተለበት ጠርዝ ወርቃማ ሆኖ ወደ ውጭ ይከፈታል፤ ነጩ ሥጋ በጣት ሲነኩት ከአጥንቱ ይላቀቃል፣ ጅራቱ ሲበላ ይንኮሻኮሻል። ሎሚ፣ አዋዜና ዳቦ ይበቃዋል። ዘይቱ ሳይግል የገባ ወይም መጥበሻው ውስጥ የተጨናነቀ ዓሣ ዘይት ጠጥቶ ይልፈሰፈሳል። ላዩ ጠቁሮ የሚመር ከሆነ ደግሞ ዘይቱ ተደጋግሞ የተጠበሰበት ነው። ሙሉ ዓሣ ባዘዙ በአምስት ደቂቃ ከደረሰም ቀድሞ ተጠብሶ የተቀመጠ ነው፤ ይመልሱት።

አምባዛ ቅርፊት የለውም፣ ሥጋው ቅባት ይበዛዋል፣ የጭቃ ሽታም ይይዛል። ሽታው የሚለቀው በሎሚና በጨው ታሽቶ ሲታጠብ ነው፤ ይህን የዘለለ ቤት በርበሬ ቢያበዛም አይሸፍነውም። ሽንኩርት በዝቶበት ጉላሽ ወይም ወጥ ሲሆን ግን ከቆሮሶ ይበልጣል፤ ሥጋው አይፈርስም።

ነጭ ዓሣ የሚባለው (ባርበስ) ጣዕሙ ጥሩ ነው፤ ችግሩ ሥጋው ውስጥ የተሰገሰገው ቀጭን፣ መንታ ጫፍ ያለው አጥንት ነው። ለልጅ አይሰጥም፤ አዋቂም ቢሆን ጠበቅ ጠበቅ ተደርጎ ተተልትሎ የተጠበሰውን ይምረጥ። ከነጭ ዓሣዎቹ ከጣና ውጭ የትም የማይገኙ 15 ያህል ዝርያዎች አሉ። ብዙዎቹ በክረምት እንቁላል ለመጣል ወደ ወንዞች ሲወጡ ወንዙ ከሐይቁ የሚገናኝበት አፍ ላይ በመረብ ይያዛሉ፤ እንዲህ ከቀጠለ ሊያልቁ ነው። ክረምት ላይ ነጭ ዓሣ አይዘዙ፤ ይህን አጥብቀን እንለምናለን።

ጥሬ ዓሣ የሚያቀርብ ቤት ካጋጠመ ይለፉት፤ የዓሣ ትል በደንብ ሲበስል ይሞታል። እጅዎንም በሐይቁ ውኃ አይታጠቡ፣ ዳር ላይም እግርዎን አይንከሩ፤ ብልሃርዚያ አለ።

ዘጌ በጥንቱ ሥርዓት አይታረስም፣ ከብትም አይረባበትም፤ ኑሮው ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ነው። የእንጀራው ጤፍ ከውጭ ስለሚገባ እዚያ ምሳ መፈለግ ትርፍ የለውም። ቡናው ግን ከአቦል እስከ በረካ የሚያስቀምጥ ነው። ለቤት ሲገዙ የተቆላውን ሳይሆን ጥሬውን ይግዙ፤ ፍሬውን በጥርስ ይንከሱት፣ ጥርስ ከገባበት አልደረቀም፣ ይሻግታል። መሬት ላይ የተሰጣ ቡና የአፈር ሽታ ስለሚይዝ እፍኝ አንስተው ያሽትቱ፤ ከመሬት ከፍ ባለ የማድረቂያ አልጋ ላይ የደረቀው ንጹሕ ይሸታል።