ሰደፉን አይተው አባቴን ያወቁልኝ ባለሙያ

ይህን የምጽፈው ለማመስገን ነው፤ ለማስጠንቀቅም ነው። አሮጌ ባለሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ የወረሳችሁ፣ የምትሰበስቡ ወይም ለራሳችሁ ቁመት ልታስተካክሉ ያሰባችሁ ሰዎች እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። እኔ ገና ከመነሻው እንዲህ ያለ ጽሁፍ የሚያነብልኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ሁለት ዓመት ሙሉ አልቃጠልም ነበር።

አባቴ ሲያርፍ ሦስት ጠመንጃዎች ትቶልኝ ሄደ። ሁለቱን ዛሬ አላነሳቸውም። ሦስተኛው በእንግሊዝ አገር፣ በርሚንግሃም ከተማ ውስጥ የተሠራ ነው፤ ሁለቱ መዶሻዎቹ እንደ ጆሮ ከውጭ ቀጥ ብለው የቆሙ፣ ከላይ እስከ ታች በቱቦዎቹ ላይ እንደ ውሃ ሞገድ የሚወርድ ጥለት ያለው። ደማስቆ ይሉታል። ብረትና አረብ ብረት አብረው ተገምደው፣ እንደ ጥብጣብ በዘንግ ላይ ተጠምጥመው፣ በእሳትና በመዶሻ አንድ አካል የሚሆኑበት የጥንት አሠራር ነው። ልጅ ሆኜ አባቴ በጨርቅ ሲወለውለው አጠገቡ ቁጭ ብዬ ጥለቱን በጣቴ እከተል ነበር። አንዱን ሞገድ ከጫፍ ይዤ ሳልስት መጨረሻው ከደረስኩ ለራሴ ትልቅ ድል ነበር። አባቴ ጣትሽን አንሺ ብሎኝ አያውቅም፤ እኔ እስክጨርስ ጨርቁን ይዞ ይጠብቀኝ ነበር።

ያንን ጥለት ነው ያጠፉብኝ።

መጀመሪያ የሄድኩበት የጠመንጃ መጠገኛ ስሙ የተጠራ ነው፤ እኔ ግን እዚህ አልጠራውም። «ጽዱልኝ፣ ዝገቱን አንሱልኝ» ብዬ ነው የሰጠኋቸው። ከሦስት ሳምንት በኋላ የመለሱልኝ ጠመንጃ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ፣ ምንም ጥለት የሌለው ነበር። በሚፈላ ኬሚካል ውስጥ ነክረውት ነው። ሁለቱን ቱቦዎች አጣብቆ የያዘው ብየዳ የቆርቆሮና የእርሳስ ድብልቅ እንደሆነና ያንን ኬሚካል እንደማይችል በኋላ ነው የተረዳሁት። የዚያን ቀን ግን የተሰማኝ ሰው ቤቴ ገብቶ የአባቴን ፎቶግራፍ ፊቱን ብቻ ፍቆ እንደሄደ ነው። ሰውየው ደግሞ ትከሻዬን መታ አድርጎ «አዲስ አደረግንልሽ፤ አሁን ተኩሺበት፣ ምንም አይሆንም» አለኝ። ይህን ቃል እስከ ዛሬ ሳስበው ሰውነቴ ይንቀጠቀጣል።

ሁለተኛው ቦታ ባሰ። ገና ሰደፉን እንዳየ «ይኼማ ጠማማ ነው፤ እርጥበት አጣሞታል፤ ቆርጠን አዲስ እንሠራለን» አለና ሳይጠይቀኝ በእርሳስ መስመር አሰመረበት። የአባቴ እጅ በያዘው እንጨት ላይ! ስቃወመው «ወንድም የለሽም? እሱ ይምጣና እንነጋገር» አለኝ። ሦስተኛው ጋ ስደርስ ጭራሽ ከጨርቁ አላወጣውም። ግድግዳ ላይ ከመስቀል ሌላ የሚረባ አይደለም ብሎ፣ እሱ ራሱ ግን ሊገዛኝ ፈለገ። የማይረባ ከሆነ ለምን ይገዛል? ጠመንጃዬን ታቅፌ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ለማንም ላለማሳየት ወስኜ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት።

ወደ ጠመንጃ ባለሙያው ጋሼ የመራችኝ አንዲት የምታውቃቸው ሰው ናት። ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለለመኑኝ ጋሼ ብቻ እላቸዋለሁ። ስሄድ ምንም ተስፋ አልነበረኝም፤ እውነቱን ለመናገር ለመጣላት ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። እሳቸው በመጀመሪያ የፈቃድ ወረቀቴን ጠየቁ። ወረቀቱን አንብበው ሳይጨርሱ ጠመንጃውን አልነኩም። ከዚያ እጃቸውን ታጠቡ። ከፍተው ጥይት አለመኖሩን አዩ፤ ዘግተው እንደገና ከፍተው አዩ። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ አንድም ቃል አልተናገሩም።

ከዚያ ወደ ቀኝ ትከሻቸው አነሱት፤ አወረዱት። ወደ ግራ ትከሻቸው አነሱት፤ እንደገና አወረዱት። ሰደፉን ገልብጠው በስተቀኝ ያለውን ጎኑን፣ ቀለሙ ተበልቶ እንደ ቆዳ የለሰለሰውን ቦታ፣ በአውራ ጣታቸው ቀስ አድርገው አሻሹት። ቀና ብለው አዩኝና «ልጄ፣ አባትሽ ግራኝ ነበሩ?» አሉኝ።

መልስ መስጠት አቃተኝ።

አባቴ የሚጽፈው በቀኝ እጁ ነበር። ሕጻን ሳለ ግራ እጁን እየመቱ በቀኝ እንዲጽፍ አስገድደውት ስለነበር ከቤት ውጭ ግራኝ መሆኑን የሚያውቅ አልነበረም። የሥራ ባልደረቦቹ አያውቁም። ፎቶግራፍ ላይ አይታይም። በግራው እንደልቡ የሚሆነው ጠመንጃ ሲያነሳ ብቻ ነበር። እኚህ ሰው አባቴን አይተውት አያውቁም፤ እንጨቱን ብቻ አይተው አወቁት። በግራ ትከሻ የሚተኩስ ሰው ግራ ጉንጩን የሚያሳርፈው በሰደፉ ቀኝ ጎን ላይ ነው። ያ የተበላው ቦታ የአባቴ ጉንጭ ነበር። ያ ጠማማ የተባለው እንጨትም እርጥበት አላጣመመውም፤ ዓይኑ ከአፈሙዙ ጋር እንዲገጥም ሆን ተብሎ በሙቀት ወደ ግራ እንዲጎብጥ የተደረገ ነው። «ይህን የሠራ ሰው እጁ ይባረክ፤ እንጨቱን ሳይሰነጥቅ ነው ያጎበጠው» አሉ ጋሼ። ትንሽ ልጅ ሳለሁ ጠመንጃው ለብዙ ጊዜ ከቤት ጠፍቶ እንደነበር፣ አባቴም የሆነ ቀን ተቀብሎት ሲመጣ እንደ ሕጻን ደስ ብሎት እንደነበር ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። ለራሱ ልክ አሠርቶት ነበር። እኔ ደግሞ እሱን ሊያስቆርጡኝ ለነበሩ ሰዎች አሳልፌ ልሰጠው ትንሽ ነበር የቀረኝ።

እንባዬ ሲመጣ ጋሼ ምንም አላሉም። ወንበር ሳቡልኝና ሥራቸውን ቀጠሉ።

ቱቦዎቹን ከሰደፉ አላቀው በአንድ ጣታቸው አንጠለጠሏቸውና በትንሽ እንጨት መታ አደረጓቸው። ድምፁ እንደ ተሰነጠቀ ሸክላ ነበር፤ «ጧ» ብሎ ወዲያው ሞተ። «ሰማሽ? ብየዳው ለቋል» አሉኝ። አንዴ ደግመው መቱና ጆሮዬን እንዳስጠጋ አደረጉኝ። «በዚህ ተኩሺ» የተባልኩት እንግዲህ በዚህ ነው።

ከቱቦዎቹ ሥር ያሉትን ጥቃቅን ማኅተሞች በማጉያ መነጽር እያሳዩ አነበቡልኝ። በርሚንግሃም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1813 ጀምሮ ጠመንጃ የሚፈተሽበት ቤት አለው፤ ምልክቶቹ የዚያ ቤት ናቸው። ከመካከላቸው «ኖት ፎር ቦል» የሚል፣ ለድቡልቡል ጥይት አይሆንም ማለት ነው፣ ጽሁፍ አለ። ይህ ጽሁፍ አፋቸው ጠበብ ተደርጎ በተሠሩ ጠመንጃዎች ላይ የተመታው በዚያው አቆጣጠር ከ1875 እስከ 1887 ባለው ጊዜ ብቻ ስለሆነ የጠመንጃዬ ዕድሜ ታወቀ። የተፈተሸውም ለጥንቱ ጥቁር ባሩድ ነው፤ ለዛሬው ባሩድ አይደለም። ጥይት የሚጎርስበትን ቦታ ለኩና 65 ሚሊሜትር መሆኑን ነገሩኝ፤ ዛሬ በየቦታው የሚሸጠው 70 ሚሊሜትሩ ጥይት ገብቶ ይዘጋል፣ ሲተኮስ ግን የጥይቱ ቀፎ አፍ የሚከፈትበት ቦታ ስለማይበቃው ግፊቱ ከልክ በላይ ይሆናል። የቱቦውን ግድግዳ ውፍረትም ለኩ። የዚያን መሣሪያ አሠራር አልገባኝም። የገባኝ ፊታቸው ነው።

«ልጄ፣ ይህ ጠመንጃ ከእንግዲህ አይተኮስም። ቆርጬ አዲስ ቱቦ ከውስጡ ላስገባለት እችላለሁ፤ ያኔ ይተኮሳል። ግን የአባትሽ ጠመንጃ አይሆንም» አሉኝ። ልብ በሉ፤ ትልቁንና ብዙ ገንዘብ የሚያስገኝላቸውን ሥራ እንዳላሠራ የመከሩኝ ራሳቸው ናቸው። ምርጫውን ለእኔ ትተው ዝም አሉ። ወንድም ይምጣ አላሉም። እኔም እንዲተኮስ አልፈልግም፣ ጥለቱ ይመለስልኝ አልኳቸው። «እሱን እንሞክራለን» አሉ።

ሥራው አራት ወር ፈጀ። ብየዳው እንደገና ተሠራ። ያ ጥቁር ቀለም ተነሳ። ጥለቱን ለማውጣት ቱቦዎቹን ሆን ብለው ስስ ዝገት እያስያዙ፣ በሚፈላ ውሃ እየቀቀሉ፣ እየቦረሹ፣ ያንኑ ከቀን ወደ ቀን ይደጋግሙታል። ጋሼ አላቻኮሉትም። በየመሃሉ እየደወሉ «ዛሬ ትንሽ ታየ»፣ «ዛሬ ወደ ጫፍ ወረደ» ይሉኝ ነበር። አንድ ቀን ማታ ደወሉና «ነገ ብትመጪ ጥሩ ነው» ብቻ አሉ።

ሄድኩ። ቱቦዎቹን እንደዚያ ቀን በጣታቸው አንጠልጥለው እንጨቱን ለእኔ ሰጡኝ። መታሁት። እንደ ደወል ጮኸ፤ ጮኸና ቆየ። እየቀጠነ ሲሄድ ሁለታችንም እስኪጠፋ ድረስ ጠበቅነው። ከዚያ ወደ መስኮቱ ወሰድኩትና ጣቴን ጥለቱ ላይ አሳረፍኩ። ሞገዱ አለ። እንደ ልጅነቴ ያህል ደማቅ አይደለም፤ አንዳንድ ቦታ ያ ኬሚካል የበላው አልተመለሰም፤ ጋሼም አስቀድመው ነግረውኛል። ግን አለ።

ሰደፉን በተልባ ዘይት ደጋግመው በስሱ ቀብተውታል፤ የእርሳሱ መስመር ጠፍቷል። ያ በስተቀኝ ያለው የተበላ ቦታ ግን እንደነበረ ነው። ሌላውን ሲቀቡ በጨርቅ ሸፍነውት ነበር። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «እዚህ ላይ የሠሩት አባትሽ ናቸው፤ እኔ ምን እጨምራለሁ?» አሉኝ።

እንዲህ ያለ ሰው አለ። በእውነት አለ! እኔ የለም ብዬ ነበር።

በኋላ ሌላ፣ በቤልጂየሟ ሊዬዥ ከተማ የተሠራ፣ የሚተኮስ ጠመንጃ ለራሴ ሳገኝ ያለ ጥርጥር የወሰድኩት ወደ እሳቸው ነው። አጭር ነኝ፤ ትከሻዬም ጠባብ ነው። መገጣጠሚያ ባለው የመለኪያ ጠመንጃ ከምላጩ እስከ ሰደፉ ጫፍ ያለውን ርዝመት፣ የጉንጬን ከፍታ፣ የአንገቴን ርዝመት ሳይቀር ለክተው አስተካከሉልኝ። ስተኩስበት አሁን ሰውነቴ ላይ የበቀለ ይመስለኛል። ከሰደፉ ላይ የቆረጧትን ትንሽ እንጨት በጨርቅ ጠቅልለው መለሱልኝ። «ከአንቺ በኋላ ረዥም ሰው ከወረሰው ይቀጠልበታል» ብለው።

ጋሼ፣ ይህን ካነበቡት፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። እጅዎ አይዛል፤ ዓይንዎ አይድከም።

አሮጌ ጠመንጃ ያላችሁ ወገኖቼ ደግሞ እለምናችኋለሁ፤ ለማንም አትስጡ። በተለይ ሳይለካ «ተኩስበት» ለሚል ሰው በፍጹም አትስጡ። ጋሼን የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ አስፈቅጄ አገናኛለሁ። ወረፋቸው ረዥም ነው፤ ጠብቁ፣ ዋጋ አለው። ስትሄዱ የፈቃድ ወረቀታችሁን ያዙ፤ ያለዚያ በሩ ላይ ይመልሷችኋል። የጠመንጃው ባለቤት ማን እንደነበረ የምታውቁትን ሁሉ ንገሯቸው፤ ይጠይቃሉ። እስከዚያ ድረስ ግን እባካችሁ፣ እንጨቱ ላይ ያለውን የተበላ ቦታ ማንም እንዳይፍቀው።